የጠንሳሹ ቅናትና የልጅቷ ፈጣን አስተርጓሚ

የጎርፍ ማስጠንቀቂያ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጠንሳሹ እያሉ የሚጠሩት ሰው ቅናት የያዘው ዓይን ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞ በተቀመጠበት ነው። የመጣው ለራሱ አልነበረም፤ ታላቅ እህቱን ይዞ ነው። እሳቸው ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ተጨምሮላቸው፣ ብሌንዎ እስኪሰፋ ጨፍነው ይቆዩ ተብለው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ዓይናቸው ቢጨፈንም ጆሯቸው ክፍት ነበር፤ የእሳቸው ጆሮ በደህናውም ጊዜ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

ጠንሳሹ የተባለው በከንቱ አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት የወንዙን ጠባይ የሚያውቁ መሐንዲሶች ከኮምፒውተር ጋር መግባባት አቅቷቸው ሲንገላቱ፣ "እናንተ እንደምታወሩት ጻፉ፤ ማሽኑን ለእኔ ተዉት" ብሎ አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ቋንቋ የፈጠረላቸው እሱ ነው። እነሱ "የላይኛው ድልድይ ውሃ በሰዓት አንድ ሜትር ከጨመረ የታችኛው ሰፈር ይነሳ" ብለው ይጽፋሉ፤ እሱ የሠራው ፕሮግራም መሐል ቆሞ ለማሽኑ ያስተረጉማል። ስሙም አስተርጓሚ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ መሥሪያ ቤት ስለ ወንዙ የተነገረ ነገር ሁሉ በዚህ አስተርጓሚ በኩል አልፏል፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ ኖሯል። ይንፋ፤ ሠርቷል። ችግሩ ሌላ ሰው የሠራ ዕለት ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ነርሷ አንዱን ጠርታ አንዱን ስትመልስ፣ አንዲት ወጣት የተሰበረ መነጽሯን በፕላስተር አጣብቃ ገባች። ከዚያው መሥሪያ ቤት ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ስትቀጠር ቋንቋውን ከሀ ጀምሮ ያስቆጠራት ጠንሳሹ ራሱ ነው። ስታየው ደንገጥ ብላ፣ "ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?" አለች፤ ለእህቱም ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። የተረፈው ወንበር ከእሳቸው ወዲያ ያለው ብቻ ስለነበረ እዚያ ተቀመጠችና ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ከፈተች።

ጠንሳሹ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየ። ስክሪኑ ላይ የሚሄደው የእሱ ቋንቋ ነው። የገዛ ልጁን ሌላ ሰው ጭን ላይ ተቀምጦ ሲስቅ እንዳገኘ አባት ክው አለ።

"ምንድን ነው የምትሠሪው?"

"ያለፈው ክረምት ትልቁ ጎርፍ የመጣበት ቀን ስሌት ነው ጋሼ። እየደገምኩት ነው።"

"እዚህ ሆነሽ? እሱ እኮ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ባትሪሽ አይበቃውም።"

"አልቋል።"

"ባትሪው?"

"ስሌቱ።"

ጠንሳሹ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለና መልሶ አደረገው። ስሌቱ አሁንም አልቋል።

"የእኔ አስተርጓሚ እንዲህ አይሮጥም" አለ።

"የእርስዎ አይደለም" አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ቋንቋው የእርስዎ ነው፤ አንዲት ነጥብ አልነካሁበትም። የሚያነበውን ግን ሌላ አስተርጓሚ ሠርቻለሁ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው የሠራሁት። አራት ደቂቃ ይበቃዋል። ልነግርዎት ስል እያፈርኩ ነው እስከ ዛሬ።"

እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር። ጠንሳሹ ያኔ ስለ ወንዙ አላሰበም፤ ስለ መሥሪያ ቤቱም አላሰበም። ቀና። ባሕር ማዶ ያለ ስመ ጥር ሊቅ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ አንገቱን ነቅንቆ ያመሰግን ነበር። ትናንት "ጋሼ፣ ይቺ ምን ማለት ናት?" ስትለው የነበረች ልጅ መሆኗ ነው የበላው።

"ምን ሆንክ አንተ?" አሉ እህቱ እንደጨፈኑ።

"ምንም እትዬ።"

"ምንም ያልሆነ ሰው እንደ ወናፍ አይተነፍስም። ልጄ፣ ምን አደረግሽው?"

"ኧረ ምንም እማማ።"

"ሁላችሁም ምንም ናችሁ። በይ አስረጂኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ነገር ግን ይገባኛል። አንድ ሥራ ለሱ ሁለት ሰዓት፣ ላንቺ አራት ደቂቃ የሚሆነው በምን ጥበብ ነው?"

ልጅቷ ወደ እሳቸው ዞረች። "እማማ፣ ግንብ ሊያስገነቡ ነው እንበል። ግንበኛው የእርስዎን ቋንቋ አይሰማም። አስተርጓሚ ቀጠሩ። እርስዎ 'ድንጋይ አንሳ፣ አስቀምጥ፣ ጭቃ ጨምር' ይላሉ፤ ሥራው ደግሞ ይኸው ሺህ ጊዜ መደጋገም ነው። የጋሼ አስተርጓሚ ሺውንም ጊዜ እንደ አዲስ ሰምቶ ሺውንም ጊዜ ያስተረጉማል። የእኔው ሥራው ሳይጀመር ሁሉንም አንዴ ሰምቶ፣ በግንበኛው ቋንቋ ጽፎ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ግንበኛው ማንንም አይጠብቅም፤ ይገነባል።"

"ገባኝ። ታዲያ ይሄ ምኑ ያናድዳል?" አሉ እህቱ ፊታቸውን ወደ ወንድማቸው አዙረው። ወደ እሱ ያዞሩ መስሏቸው ያዞሩት ግን ወደ ምሰሶው ነበር።

ጠንሳሹ ጉሮሮውን ጠረገ። "የተናደደ የለም። ግን ነገር በወጉ ይታይ። አንደኛ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ዘገየብኝ ያለ ሰው የለም።"

"የሚያወዳድሩት ነገር ስላልነበራቸው ነው ጋሼ" አለች ልጅቷ። "ውሃው ከላይኛው ድልድይ የታችኛው ሰፈር እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ይወስድበታል። ሁለቱን ሰዓት እኛ ስናሰላ እንጨርሰዋለን። ለሰዉ የሚተርፈው አንድ ሰዓት ነው።"

"አንድ ሰዓት ይበቃል፤ እግር ያለው ሰው ይሮጣል።"

"አልጋ የያዘውስ?" አሉ እህቱ። "እኔ ራሴ ከዚህ ወንበር እስክነሳ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብኝ ቅድም አይተሃል።"

"እትዬ፣ አንቺ ደግሞ እንዳትገቢ።"

"ገብቻለሁ እኮ። ቀጥል፤ ሁለተኛውን በል።"

"ሁለተኛ" አለ ጠንሳሹ፣ አሁን እንኳ ከልቡ ነበር የተናገረው፣ "አንድ ቋንቋ ሁለት አስተርጓሚ ሲኖረው ቋንቋው ይሰነጠቃል። አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ያሉ ዕለት ማንን ሊያምኑ ነው? ዛሬ አንድ አፍ ብቻ ስላለ ክርክር የለም። ሦስተኛ፣ አንቺ ነገ የተሻለ ሥራ አግኝተሽ ትሄጃለሽ። ማን ሊጠግነው ነው?"

ልጅቷ አልተቆጣችም። "ሦስተኛው እውነት ነው፤ ለእርስዎም ግን ይሠራል። እርስዎ ነገ ጡረታ ቢወጡ የእርስዎን የሚጠግን ማን አለ? የቋንቋው ሕግ የትም አልተጻፈም። ያለው እርስዎ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ግን አስጨንቆኛል። ኃላፊው ሐሙስ ይፈተን ብለዋል። የአሥር ክረምት የእርስዎ ውጤት በመዝገብ ተቀምጧል፤ የእኔው ያንኑ አሥር ክረምት አስልቶ ውጤቱ ልክ ከሆነ ይገባል፤ አንድ ቦታ ከተለየ ይቀራል። አራት ቦታ ላይ ይለያል ጋሼ። በነዚያ አራት ቀናት የእርስዎ ቁጥር ሲያወጣ፣ የእኔ 'ልኬት የለም' ብሎ ይቆማል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈልጌ ምክንያቱን አጣሁት። እርስዎ ያውቁት ይሆን?"

ጠንሳሹ ወዲያው አወቀው። "አላውቅም" አለ።

ነርሷ የእህቱን ተራ ጠራች።

እሱ የሚያውቀው፣ እሷ ሦስት ሳምንት የደከመችበት ነገር ይኼ ነበር። በድሮው ጊዜ ላይኛው ድልድይ ላይ የውሃውን ከፍታ በየሩብ ሰዓቱ እያነበበ በሬዲዮ የሚልክ ጠባቂ ነበረ። ጠባቂው ምሳ ሲሄድ ልኬት ይቋረጣል፤ ልኬት ሲቋረጥ ስሌቱ ይቆማል፤ ስሌቱ ሲቆም መሐንዲሶቹ ጠንሳሹ ላይ ይጮኻሉ። እሱም አንድ ቀን ነገሩ ሰልችቶት፣ ልኬት ካልመጣ የመጨረሻውን ቁጥር ድገም የሚል ትእዛዝ አስተርጓሚው ሆድ ውስጥ አስገባ። ለማንም አልነገረ፣ የትም አልጻፈ። ጠባቂው ጡረታ ከወጣ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው፤ አሁን ልኬቱን የሚልከው ድልድዩ ላይ የተተከለ መሣሪያ ነው። ትእዛዙ ግን እንዳለ አለ።

አንድ ቃል ቢተነፍስላት ልጅቷ በሩብ ሰዓት አስተካክላ ሐሙስን ታልፋለች። ያቺን አንድ ቃል ነው የነፈጋት። መንገድ ላይ የእህቱን ክንድ ይዞ ሲሄድ ፊቱ ላይ አንዳች ፈገግታ ነበር፤ የሚያምር ፈገግታ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ እህቱ ደህና አድርገው ያዩ ጀመር። መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው።

"ትናንት ለምን ዋሸሃት?" አሉት።

"ማንን?"

"ልጅቷን። አላውቅም ያልከው ቶሎ ነው። የማያውቅ ሰው ትንሽ ያስባል፤ ኧረ ምን ይሆን ይላል። አንተ ግን የተዘጋጀ ቃል አወጣህ። ስትቀና እኮ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ። ታናሽህ የተወለደ ዕለት ሦስት ቀን ሙሉ እሱን ያላየህ መስለህ በአጠገቡ ታልፍ ነበር።"

"እትዬ፣ የስድሳ ዓመት ሰው ነኝ።"

"አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው የሚያሳፍረው። ቁጭ በልና ንገረኝ።"

እሳቸው ካልጠገቡ እንደማይለቁት ስለሚያውቅ ስለ ጠባቂው፣ ስለ ምሳው፣ ስለ ትእዛዙ ሁሉንም ነገራቸው። ሲነግራቸው እንደ ብልሃት አድርጎ ነበር።

"ጎበዝ" አሉ። "ዛሬስ ምሳ የሚሄደው ማነው?"

"ማንም። ዕቃ ነው አልኩሽ።"

"ምሳ የማይበላ ዕቃ ታዲያ ስለ ምን ዝም ይላል?"

ጠንሳሹ ዳቦውን አስቀመጠ።

መሥሪያ ቤት እንደገባ ማንንም ሳያናግር መዝገቡን አወጣና አራቱን ቀናት ፈለገ። የመጀመሪያው ላይ ውሃው ድልድዩን ተሻግሮ ነበር። ሁለተኛውም ላይ እንዲሁ። ሦስተኛውም ላይ። አራተኛው ያለፈው ክረምት ነው። ያን ዕለት ጎርፉ መለኪያውን ከነብረቱ ገንጥሎ ወሰደው። መሣሪያው ዝም አለ፤ የጠንሳሹ አስተርጓሚም ጠባቂው ምሳ የሄደ መስሎት የመጨረሻውን ቁጥር ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ደገመ። ውሃው አልጨመረም፣ ውሃው አልጨመረም፣ ውሃው አልጨመረም። የታችኛው ሰፈር ማስጠንቀቂያው ዘግይቶበት ወፍጮ ቤቱ ከነድንጋዩ ሄደ፤ ባለ ወፍጮውና ሁለት ልጆቹ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥተው ተረፉ። መሥሪያ ቤቱ በኋላ "የመለኪያ ብልሽት" ብሎ ሪፖርት ጻፈ። ከሪፖርቱ ግርጌ የጠንሳሹ ፊርማ አለ።

ይህን አይቶ ወዲያው ሮጦ ልጅቷ ዘንድ ሄደ ቢባል ደስ ባለ። አልሄደም። ሁለት ቀን ሙሉ በኮሪደር ሲያገኛት ወረቀት እያገላበጠ አለፈ። ስህተቱን ራሱ አግኝቶት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልከበደው፤ አውጥቶ ያሳየው የእሷ አስተርጓሚ መሆኑ ነበር የከነከነው። የእሱ ሃያ ዓመት ያላየውን የእሷ አራት ደቂቃ አየ።

ሐሙስ ደረሰ። በኃላፊው ክፍል ውስጥ መሐንዲሶቹ በግድግዳው ዙሪያ ቆመዋል፤ ልጅቷ አዲስ መነጽር አድርጋ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። የአሥሩ ክረምት ስሌት በሦስት ቀን አልቆ ውጤቱ ተደርድሯል። በጠንሳሹ አስተርጓሚ ቢሆን ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ ሁለት ወር ተኩል ይፈጅ ነበር፤ ለዚህም ነው ማንም ደግሞ አስልቶት የማያውቀው። ሁሉም ልክ ሆነ፤ አራቱ ቀናት ግን ተለዩ።

ኃላፊው ቀና ሰው ናቸው፤ ሕግ ብለው ያወጡትን ራሳቸውም አይሽሩትም። "ልጄ፣ ድካምሽን አከብራለሁ" አሉ። "ነገር ግን የሰው ነፍስ ያለበት ሥራ ነው። ከተለየ ይቀራል ብለናል፤ ተለይቷል። የቋንቋው ባለቤት እዚህ አሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ?"

ሁሉም ወደ ጠንሳሹ ዞሩ። ልጅቷ አልዞረችም፤ ጠረጴዛውን ታያለች። አንድ ጊዜ ራሱን ቢነቀንቅ አበቃ፤ ነገሩ ይዘጋል፣ እሱም ጡረታው ድረስ ብቸኛው አፍ ሆኖ ይኖራል። ለአፍታ ጣፈጠው። ይህን መሸሸግ አያስፈልግም፤ ማር ማር አለው።

"የተሳሳተው የእኔ ነው" አለ።

ልጅቷ አሁን ወደ እሱ ዞረች።

"አራቱም ቦታ ላይ የእኔ ነው የተሳሳተው። ልኬት ሲጠፋ ያለፈውን ቁጥር እንዲደግም ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ምክንያት ነበረው፣ ዛሬ የለውም። መለኪያው ዛሬ ዝም የሚለው ውሃ ሲወስደው ነው። የእሷ አስተርጓሚ አላውቅም ብሎ መቆሙ ልክ ነው። የእኔው የማያውቀውን የሚያውቅ አስመስሎ ይናገር ነበር። ወፍጮ ቤቱን ያስወሰደው መለኪያው አይደለም። ሪፖርቱ ላይ የፈረምኩት ውሸት ነው፤ ያኔ ሳላውቅ ነው የፈረምኩት፤ ከማክሰኞ ወዲህ ግን አውቃለሁ።"

ኃላፊው ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ። "እንግዲያው የእርስዎን አርመን በሱ እንቀጥል። ሁለተኛ ለምን ያስፈልጋል?"

ሰኞ ዕለት ቢሆን ይህን ጥያቄ ስሞ ይቀበለው ነበር።

"ለሦስት ነገር ያስፈልጋል" አለ ጠንሳሹ፣ የገዛ ክርክሩን በገዛ አፉ እያፈረሰ። "ሰዉ አንድ ሰዓት ሳይሆን ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ያገኛል፤ ሽማግሌውም፣ ያረገዘችውም፣ አልጋ የያዘውም ይወጣል። ይሄ አንድ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ መልስ በአራት ደቂቃ ከመጣ ሰው ደግሞ ይጠይቃል። ዝናቡ እጥፍ ቢሆንስ? ከድልድዩ በላይ ያለው ግድብ በግማሽ ቢከፈትስ? እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ ጠይቀን ሁለት ሰዓት ስለምንጠብቅ፣ ሁለተኛ ጥያቄ የሚባል ነገር ረስተናል። ስህተቴ አሥር ዓመት የተደበቀው በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ሁለት አስተርጓሚ ካለ ቋንቋው ይሰነጠቃል ብዬ ነበር። የተሰነጠቀ ቋንቋ ግን አይደለም የወጣው፤ የእኔ ገመና ነው። ቋንቋው ምን ማለት እንደሆነ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ሁለታችንም በጽሑፉ እንዳኝ። የሷ ይሥራ፤ የእኔው ታርሞ አንድ ክረምት በጎን ይሂድ፣ ይመሳከር።"

ኃላፊው፣ "ይጻፍ" አሉ። "ስለ ሪፖርቱ ደግሞ እኔና እርስዎ እንነጋገራለን።"

ሰዉ ሲወጣ ልጅቷ ቀረች።

"ዓይን ሐኪም ቤት ስጠይቅዎት ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ሦስት ሳምንት እኮ ነው ጋሼ። ዓይኔን ነው ያጠፋሁት።"

"አውቃለሁ። ቀንቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ይቅርታ አድርጌያለሁ አላለችም፤ ብትል ለትሕትና ይሆን ነበር። ወረቀት ስባ እስክሪብቶ አነሳች። "እንዲህ ያለ የትም ያልተጻፈ ነገር ሌላ አለ?"

ጠንሳሹ በጣቱ ቆጠረ፤ ጣቱ አልበቃውም። "አሥራ አንድ" አለ።

"አሥራ አንድ?"

"ከዛሬው ሌላ። በይ ጻፊ፤ አንደኛው የበዓል ቀን ሲሆን ነው።"

በተከታዩ ክረምት ወንዙ መጣ። መለኪያውን እንደ ልማዱ ገንጥሎ ወሰደው። አዲሱ አስተርጓሚ ልኬት የለም ብሎ በአራት ደቂቃ ውስጥ ጮኸ፤ መሐንዲሶቹ በጠፋው ልኬት ቦታ የተለያየ ግምት እያስገቡ በግማሽ ሰዓት አምስት ጊዜ ጠየቁት፤ አምስቱም መልስ የታችኛው ሰፈር ይነሳ አለ። ሰዉ ተነሳ። የማይራመዱትን በቃሬዛ፣ ፍራሹን በትከሻ፣ ዶሮውን በቅርጫት አድርጎ ወደ ጉብታው ወጣ።

ሰፈሩ ለመሥሪያ ቤቱ የምስጋና ደብዳቤ ላከ። የልጅቷ ስም ከላይ፣ የጠንሳሹ ከታች ተጽፏል፤ ኃላፊው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ጠንሳሹ ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከታች መሆኑም ቆረቆረው። አልቆረቆረውም ብሎ የሚዋሽለት የለም። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ግን ሰዎቹ አንድ ነገር ጽፈው ነበር፦ ውሃው ቤታችን ሲገባ ሁላችንም ጉብታው ላይ ቆመን አየነው፤ ተቆጠርን፣ የጎደለ አልነበረም።

ይህችን ሦስተኛ ጊዜ አነበባት፤ ከዚያ አሥራ ሁለተኛውን ሕግ ሊያጽፋት ወደ ልጅቷ ክፍል ሄደ፤ አንድ ረስቶ ነበር።